ሽልማቱ ለሞፈሩ ነው ወይስ ለአራሹ?

አንድ የክፍል ጓደኛዬ የኬሚስትሪ ደብተሩን አጥፎ፥ «ሽልማቱን ኮምፒዩተር ወስዶት የለምን? ከእንግዲህ ይህን ማጥናት ምን ይበጀናል?» አለኝ። በዕለቱ የምመልስለት አጣሁ። ዛሬ ግን አስቤበት መልሴን በዚህች የዓመት መጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለጆን ሆፕፊልድና ለጄፍሪ ሂንተን ተሰጠ፤ ሥራቸውም ኮምፒዩተር ከምሳሌ እንዲማር የሚያደርገውን ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ የሚመለከት ነው። በማግሥቱ የኬሚስትሪው ሽልማት ግማሹ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ላወጣው ለዴቪድ ቤከር፥ ግማሹ ደግሞ አልፋፎልድ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ለፈጸሙት ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ሆነ።

እኔ እንደሚመስለኝ የኬሚስትሪው ሽልማት ተገቢ ነው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ሥራውም በአተጣጠፉ ይወሰናል። ከሰንሰለቱ ተነሥቶ ቅርጹን ማወቅ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ያስጨነቀ ጥያቄ ነበረ። ማክስ ፔሩትስ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ ለማግኘት ከ20 ዓመት በላይ ደክሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር ተሸለመ። አልፋፎልድ ግን የ200 ሚሊዮን ያህል ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተነበየ። የተፈጥሮን ጥያቄ የመለሰ ሰው፥ በብዕርም ይመልስ በኮምፒዩተር፥ ሽልማት ይገባዋል።

የፊዚክሱን ግን አልደግፍም። ሆፕፊልድ አሳቡን ከማግኔት ፊዚክስ መውሰዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጎረቤት እሳት የጫረ ሁሉ የጎረቤት ልጅ አይባልም። ለኮምፒዩተር ጥበብ የቱሪንግ ሽልማት የሚባል አለ፤ ሂንተንም የ2018ቱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተቀብሎታል።

ለጓደኛዬ የምሰጠው ዋናው መልስ ግን ይህ ነው። አልፋፎልድ የተማረው ብዙ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ አንድ በአንድ ካገኟቸው፥ ከ1971 ጀምሮም በአንድ መዝገብ ካከማቿቸው ቅርጾች ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፤ እነዚያ ባይደክሙ ኮምፒዩተሩ ከምን ይማር ነበር?

የአገራችንንም ምሳሌ እንመልከት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ ከወንዙ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉና፥ ነገሩን በቤተ ሙከራ ፈትነው የእንዶድን ኃይል አረጋገጡ። በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ያስገኘው የእናቶች ልማድና በወንዝ ዳር ቆሞ ያስተዋለ ዓይን ነው።

ከድብ ባሕር ቆላ እስከ ስሜን ተራሮች ጫፍ ድረስ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት፥ ነገር ግን ማንም ያልጻፈው ስንት ቅጠልና ሥር ይኖር ይሆን? ያልተጻፈውን ኮምፒዩተር አይማረውም፤ ሄደን ልናየውና ልንፈትነው የሚገባን እኛ ነን። ወላጆችና መምህራንም በዚህ እንዲረዱን እለምናለሁ።

እንግዲህ ጓደኛዬ ሆይ፥ ደብተርህን ግለጥ። ሞፈር ቢያምር ብቻውን አያርስም፤ ሽልማቱም የአራሹ ነው።