የዓሣው ገንዳና መብራት የሚጠፋበት ሌሊት



በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ያሉትን የኮራል ዓለቶችና ኅብረ ቀለማት ዓሦች ያየ የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ያን ውበት ወደ ሳሎኑ ለማምጣት ቢመኝ አያስደንቅም። ሆኖም ትልቅ የመስተዋት ገንዳ የሚያቆም ቤተሰብ ከዓሦቹ አስቀድሞ ስለ ውሃው መንገድ ሊያስብ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ገንዳ ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ፣ በሳጥኑ ውስጥ፣ ሁለተኛ ገንዳ ይቀመጣል። የላይኛው ውሃ ከአፉ እየተረፈ በቧንቧ ይወርዳል፤ በታችኛው ከተጣራ በኋላም በፓምፕ ኃይል ተመልሶ ይወጣል። ወራጁ ቧንቧ ከመመለሻው የሰፋ ይሁን፤ ቢደፈን የሚተካው ሁለተኛ ወራጅም አይጥፋ። መዳብና ነሐስ ኮራሉንና መሰሎቹን ስለሚመርዙ ቧንቧው ፕላስቲክ መሆን አለበት።

ዋናው ፈተና መብራት ሲጠፋ ይመጣል። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ፓምፑ ቆሞ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጎድል 22.5 ሊትር ይወርዳል፤ ይህን ታችኛው ይችለዋል። የመመለሻው ቧንቧ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ ግን ውሃው በዚያው ቧንቧ ወደ ኋላ እየተሳበ 150 ሊትር ይወርዳል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱና ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ታችኛ ገንዳ ባዶውን እንኳ የሚይዘው 128 ሊትር ነው። የተረፈው ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ የኤሌክትሪክ ገመድም ይደርስበታል። ባል በጥበቃ ተራ ላይ ሳለ ሚስት ከልጆቿ ጋር ይህን በጨለማ ልትጋፈጥ አይገባም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ እንዳይደፈንም በየጊዜው ይጠረግ። ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ በጨውና በጉድፍ ስለሚያዝ ብቻውን አይታመንም። ከዚያም ባልና ሚስት በቀን ብርሃን ፓምፑን ራሳቸው አጥፍተው ውሃው የት እንደሚቆም ይመልከቱ፤ በታችኛው ገንዳ ላይም «ከዚህ በላይ አይሞላ» የሚል ምልክት ያኑሩ።

በከተማችን ሙቀት የሚተነው ውሃ ጨውን ትቶ ይሄዳልና፣ የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ እንጂ በባሕር ውሃ አይደለም። ለዚህ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ ከባሕር ብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነው የአሳል ሐይቅ ምስክር ነው።

ወታደር ከግዳጁ በፊት በልምምድ ይፈተናል፤ ቤትም እንዲሁ አስቀድሞ ይፈተን።