ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሚመጣው ማን ይጠየቅ?

በአገራችን የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ለብዙ ዘመን ጥቂቶች ብቻ የሚያገኙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ ግን የባለሙያዎቹ ቁጥር አድጓል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁንና ስለ ቀዶ ሕክምናው የምናወራውን ያህል ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር አናወራም።

ለአብነት ያህል በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ተቀደደ፣ አከርካሪውም በብረት ተደገፈ እንበል። ቁስሉ ሲደርቅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቤቱ ገባ። ከሦስት ወር በኋላ ጀርባውን እንደገና ያመው ጀመር። ትኩሳት የለውም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ የተለመደ በመሆኑ ሐኪሙ መጀመሪያ ቲቢን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ካንዲዳና አስፐርጂለስ የተባሉት ፈንገሶችም አጥንት ውስጥ ገብተው ቀስ እያሉ ይበላሉ፤ በራጅም ሆነ በኤምአርአይ ከቲቢ ጋር ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በተለይ የስኳር ሕመምተኞችን፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመባቸውንና ለረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ የወሰዱትን ያጠቃሉ።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ መፍትሔው ከአጥንቱ ናሙና ወስዶ ለቲቢም ለባክቴሪያም ለፈንገስም መመርመር ነው። የፈንገስ ናሙና ለማደግ ሳምንታት ሊፈልግ ስለሚችል በሁለትና በሦስት ቀን ውጤት "የለም" ብሎ መዝጋት አይገባም። በግምት መጀመር ዋጋ ያስከፍላል። ፍሉኮናዞል አስፐርጂለስን አያክምም። ለአስፐርጂለስ የሚሰጠውን ቮሪኮናዞልን ደግሞ የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ክፉኛ ስለሚቀንሰው ሁለቱን አብሮ መስጠት ሕክምናውን ከንቱ ያደርገዋል። የካንዲዳ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ወራት ይወስዳል፤ የሞተውን አጥንት መጥረግ፣ ሲቻልም ብረቱን ማውጣት፣ ጉበትንም በየጊዜው በደም ምርመራ መከታተል ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ለጀርባ ሕመም የተሰጠ በፈንገስ የተበከለ መርፌ በ20 ግዛቶች ከ750 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ60 በላይ ገደለ። ነገሩ የተደረሰበት በቴኔሲ ግዛት የሚሠሩ አንዲት ሐኪም ያዩትን እንግዳ በሽታ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ወዲያው በማሳወቃቸው ነው። የመድኃኒት ቀማሚው ድርጅት ኃላፊም እ.ኤ.አ. በ2017 ከግድያ ክስ ነፃ ቢባሉም በማጭበርበር ወንጀል ተፈረደባቸው። ሪፖርት ባይኖር ኖሮ ተከሳሽም ተካሽም ባልተገኘ ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ባለመጠበቁ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። አግባብ ነው። ነገር ግን የሙያው ደንብ የፈንገስ ምርመራ እያዘዘ ምርመራው በአቅራቢያው ከሌለ፣ ሐኪሙን ብቻ ፍርድ ቤት ማቆም ፍትሕ ሊሆን አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብን ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ሦስት ነገሮች አፋጣኝ ናቸው። አንደኛ፣ አከርካሪው በብረት የተደገፈ ሕመምተኛ ሁሉ ምን እንደተደረገለትና ምን ምልክት ሲያይ መመለስ እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ይውጣ፤ ቅጂውም ለክልሉ ሆስፒታል ይላክ። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛውን ከማመላለስ ናሙናው ይጓዝ። ሦስተኛ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽን ሁሉ ይመዝገብ፣ ሪፖርትም ይደረግ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሆስፒታሎችም ይሠራል።

የኒውላንዱ ሰው አከርካሪው ሲቃና ተጨብጭቦለት ይሆናል። ከዓመት በኋላ በእግሩ ይሂድ አይሂድ የሚጠይቅለት ከሌለ ግን ሕክምናው ተጠናቀቀ ማለት አይቻልም።