አታማርሪ አትበሏት

ልጇን የቀበረች እናት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ «ምን አደረግሁህ?» ብላ ወደ ላይ ስትጮኽ፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ፈጥነው አፏን ይይዛሉ። «ተይ እንጂ፣ አታማርሪ፣ ፈጣሪን አታስቀይሚ» ይሏታል። ደረቷን ብትመታ፣ ፊቷን ብትነጭ፣ ነጠላዋን ብታዘቀዝቅ የሚከለክላት የለም። አልቃሽ መጥታ ሙሾ ብታወርድም ቦታ አላት። ለሟች ማልቀስ ይፈቀዳል፤ እግዚአብሔርን መጠየቅ ግን እዚያ ድንኳን ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስደነግጣል።

ሴቶቹ ክፉ አስበው አይደለም። ሐዘንተኛዋ በሐዘኗ ላይ በደል እንዳትጨምር ሰግተው ነው። እኔ ግን ክርስትና እንዲህ ያለውን ጩኸት የሚፈራ ሃይማኖት አይመስለኝም። እንዲያውም በመከራ ውስጥ ያለ ሰው ሰላም የሚያገኘው በዚያ ጩኸት በኩል አልፎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤታችን ያለውን ዳዊት እንክፈተው። በቆዳ ማኅደር ከተን አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው፣ የቆሎ ተማሪው ንባብ የሚለማመድበት፣ አረጋውያን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለየዕለቱ ከፍለው የሚደግሙት መጽሐፍ ነው። ከ150ው መዝሙር ሲሦ ያህሉ እሮሮ ነው። ከደዌ አልጋ ላይ የሚጣራ አለ፣ በወዳጁ የተከዳ አለ፣ እግዚአብሔር እስከ መቼ ዝም እንደሚል የሚጠይቅ አለ። አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። በግዕዙ አቆጣጠር 87ኛው፣ በአንዳንድ እትሞች 88ኛው መዝሙር ግን አይዞርም። ሲጀምርም ሲያልቅም ጨለማ ነው፤ ተናጋሪው መልስ ሳያገኝ ያልቃል። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ሊተዉት፣ ወይም ማሳረጊያው ላይ አንዲት የማጽናኛ ቃል ሊጨምሩበት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ከምስጋናው መዝሙር እኩል ጸሎት አድርገው፣ እንዳለ፣ ለልጅ ልጅ አስተላለፉት።

ስለ ኢዮብም የምናስታውሰው ጥቂቱን ነው። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» እያልን እንመርቃለን። ያ ዝም ብሎ የመቀበል ትዕግሥት የተነገረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው። ከ3ኛው ጀምሮ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ፈጣሪው ፊት ቀርቦ ሊሟገት ይመኛል፣ እስከ 31ኛው ምዕራፍ ድረስም አያርፍም። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መሬት ላይ አብረውት ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ሥራ ሠርተው ነበር። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ስለዚህ በድለሃል አሉት። ንግግራቸውን ነጥሎ ላነበበው ሰው መልካም ስብከት ይመስላል። መጽሐፉ ሲዘጋ ግን ቁጣው የወረደው በእነርሱ ላይ ነው። ቅን ነገር ተናገረ የተባለው ያ ሲሟገት የከረመው ኢዮብ ነው፤ ወዳጆቹም ይቅርታ የሚያገኙት በእርሱ ጸሎት ሆነ። ለቅሶ ቤት ልንደርስ ነጠላ ስንለብስ ይህ ፍርድ ትዝ ቢለን ስንት ሐዘንተኛ ከእኛ ቃል ይተርፍ ነበር!

እናቴ እግዚአብሔርን መሟገትን ከመጽሐፍ አልተማረችም። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፋ። መርዶ አልመጣም፤ አለሁ የሚል ደብዳቤም አልመጣም። መርዶ የሌለውን ሐዘን ያየው ያውቀዋል። ድንኳን አይተከልለት፣ ተስካር አይወጣለት፤ እህል ከጉሮሮ አላልፍ ያሰኛል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫ ያስነሣል። እናቴ ሌሊት ሌሊት ትነሣና የጌታ ሥዕል ፊት ቆማ ፊት ለፊት እንዳለ ሰው ታነጋግረው ነበር። «የት አደረግህብኝ? ካለ አለ በለኝ፣ ከሌለም ቁርጤን ንገረኝ። ያንተ እናት እንኳ መቃብርህን ታውቀው ነበር።» አባቴ ይህን ሲሰማ ከአልጋው ሆኖ «ኧረ ተይ አንቺ ሴት!» ይላት ነበር። አልተወችም።

ጠዋት ደግሞ ተነሥታ ኪዳን ታስደርሳለች፣ ደጀ ሰላሙን ትሳለማለች፣ በመንገድ ለሚለምነው ያላትን ታካፍላለች። በልጅነቴ ሁለቱ አይገጥሙልኝም ነበር። ሌሊት የተጣላችውን ጠዋት እንዴት ትሳለመዋለች? ዛሬ ሳስበው የምትጣላው ስላመነችው ነው። የለም ብላ ብታስብ ኖሮ በእኩለ ሌሊት ማንን ቀስቅሳ ትከስ ነበር? ከእርሱ በቀር የልጇን ነገር የሚያውቅ እንደሌለ ስለገባት ደጁን አለቅም አለች። ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴ ግን ከዓመታት በኋላ ክሱን ተወችው፤ እንቅልፍም ወሰዳት። ተስፋ ቆርጣ ነው እንዳልል ስሙን እስክትሞት ከጸሎቷ አላወጣችውም። ልቧ ውስጥ ሸሽጋ ያስቀረችው ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን ዓመትም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ሐዘን ቦታ አለው። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም፣ ተሳስሞ ሰላምታ መስጠት የለም። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረጋል። ትንሣኤ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ የፋሲካው በግ እንኳ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ታስሯል። እንዲህም ሆኖ ወደ እሑድ የሚቸኩል የለም። ዓርብ እንደ ዓርብነቱ ይከበራል፣ ጉልበት እስኪዝል ይሰገዳል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ማክሰኞው ቶማስ ይባላል። ትንሣኤውን በወሬ አልቀበልም፣ ቁስሉን ልንካ ላለው ሐዋርያ ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ሰጠችው ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ሌሎቹ ሐዋርያት ተጠራጣሪ ነህ ብለው ከመካከላቸው አላስወጡትም። እርሱም እነዚህ ሰዎች የሚሉት ካልገባኝ ብሎ ጥሏቸው አልሄደም። ስምንቱን ቀን ከነጥርጣሬው አብሯቸው ቆየ፤ ጌታ ዳግመኛ ሲመጣም እዚያው ቤት ውስጥ አገኘው። ከቤት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ቁስሉን አያይም ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት ልጆች ሆነን ፍርሃትንና ጥርጣሬን እንደ ነውር ማየት ከየት ለመድን? በየአዳራሹ፣ በየቴሌቪዥኑና በየስልካችን «እምነት ቢኖርህ ኖሮ ይህ አይደርስብህም ነበር» የሚሉ ሰባኪዎች በዝተዋል። የታመመው ሰው በበሽታው ላይ ጥፋተኝነት ይሸከማል። እንቅልፍ ያጣች፣ ልቧ ያለ ምክንያት የሚመታባት ወጣት ሐኪም ጋ ብትሄድ እንዳላመነች ይቆጠርባታል። ከዚህ በፊትም አይተነዋል። እንጦጦ ማርያም ጸበል ከሚጠመቁት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል መድኃኒት መውሰድ ጸበሉን አለማመን መስሏቸው የተዉት ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ስለ ጭንቀትና ስለ ድባቴም እንደዚያ ያለ ግልጽ ቃል ከየዐውደ ምሕረቱ ብሰማ እመኛለሁ። አማኑኤል ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ልጁን ይዞ የቆመ አባት እምነቱን ቤቱ ጥሎ አልመጣም።

በመከራ ውስጥ ስለሚገኘው ሰላም ሳስብ ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ትዝ ይሉኛል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። እርሳቸው ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዋና ጸሐፊነት ያገለገሉባት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበሩ። ለቄስ ጉዲና ከሀገር የመውጣት ዕድል ተከፍቶላቸው ነበር። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሊያስጠጓቸው ፈቅደው ሳለ፣ ምእመናቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ኡራኤል አካባቢ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ከነባለቤታቸው ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማ ወጣ አድርገው ለቀቋቸው። ቄስ ጉዲና ያን ሌሊት ተገደሉ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ የገደላቸውም በዚያው ክረምት ነው፤ በአንድ ክረምት ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አባት አጡ።

ወይዘሮ ፀሐይ ብዙም ሳይቆይ ራሳቸው ታሰሩ። ክፉኛ ተገረፉ። ዐሥር ዓመት ገደማ ያለ ፍርድ በወህኒ ቆዩ፤ ልጆቻቸውም ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። የባለቤታቸው አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። እናቴ በየሌሊቱ ትጠይቀው የነበረው ጥያቄ በእርሳቸውም ቤት 13 ዓመት ያለ መልስ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወጥተው እምነታቸውን እንደያዙ ኖሩ፤ የደረሰባቸውንም አልሸሸጉም፣ ተናገሩ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ባለታሪኩን ጀግና ብለን ከራሳችን ማራቅ ይቀናናል። እኔ ላርቃቸው አልፈልግም። ያ ሁሉ ዱላ በወረደበት እግር ላይ የቆመ እምነት ፍርሃትን የማያውቅ እምነት ሊሆን አይችልም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፤ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል፤ ጽዋው አላለፈም። በዚያች ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ የፈለገው ነቅተው አብረውት እንዲቆዩ ብቻ ነበር። ያንንም አልቻሉም፣ ተኙ። የክርስቲያን ሰላም ፍርሃት ያለቀበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ጌቴሴማኒን ወንጌል ውስጥ ባላነበብነው ነበር። እኔ እንደሚገባኝ፣ ሰላሙ ጭንቀቱ ሳይለቅህ ለማን እንደምትነግረው ስታውቅና ነግረኸውም ከፊቱ ሳትሸሽ ስትቀር የሚመጣ ነገር ነው። ለአንዱ በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ለእናቴ ዓመታት ወስዷል። ያልመጣላቸውም አሉ፤ ለእነርሱ ቀኑን የመቁረጥ ሥልጣን የለኝም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤይሩት በቦምብ ስትደበደብ፣ እዚያ በሰው ቤት የምትሠራ የዘመዴ ልጅ ሌሊት በስልክ መልእክት ላከችልኝ። አሠሪዎቿ ቤቱን ዘግተው ሸሽተዋል፤ እርሷ ከሌሎች የሀገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስባ ታድራለች። «ጋሼ፣ ልጸልይ ስቆም ባዶ ነው የሚሆንብኝ። የሚሰማኝም አይመስለኝም። እንዲህ እያሰብኩ ክርስቲያን ነኝ ማለት እችላለሁ?» ይላል።

አይዞሽ ብቻ ብዬ ላልፋት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያችን 87ኛዋን መዝሙር ስልኳ ላይ ፈልጋ ለሌሎቹም ድምፅ አውጥታ እንድታነብላቸው ነገርኳት። ትንሽ ቆይታ መለሰችልኝ። «ይሄ እውነት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ነው? አንዷ ልጅ የኔን ነው የጻፈው ብላ እያለቀሰች ነው።»

አዎ፣ አለ፤ ስንት ዘመን ሲጸለይ የኖረ ነው አልኳት።

«እና አሁን ምን ብዬ ልጸልይ?»

«እርሱኑ ድገሚው። ከዚያ የራስሽን ጨምሪበት፤ የሚያስፈራሽን አንድም ሳታስቀሪ፣ በስሙ እየጠራሽ ንገሪው» አልኳት።