የፊታውራሪ መሸሻ ሚዛን በመካከላችን

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ በቅርቡ ደግሞ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ወደየቤታችን ገብቷል። አንድ ምሽት ደብረ ብርሃን፣ በወዳጆቼ ቤት አብረን ስናይ አንዲት እህት ድንገት ተነስታ ወጣች። ለምን እንደወጣች ሁላችንም አውቀናል፤ ማንም ግን አልተናገረም።

ይህች እህት የመንዝ ልጅ ናት። የምትወደው ወንድም የመርሐቤቴ ሰው ነው። ጌታቸው አንድ ነው፤ በአንድ መዘምራን ያገለግላሉ። ነገር ግን የልጁ አባት ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ በአገራችን አጠራር «ጠይብ» የሚባሉት። ሽማግሌ ሲላክ፣ ጌታን የሚያምኑት አባቷ «ዘሩ አይመጥነንም» ብለው መለሱ። ጉዳዩ ወደ እኛ ሲመጣም «ቤተሰብ አታስቀይሙ፤ ጸልዩበት» ብለን ሸኘናቸው። እኔም እዚያ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ።

ያን ምሽት በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ውስጥ እነዚህን ልጆች አየኋቸው። ይበልጥ የደነገጥኩት ግን ፊታውራሪ መሸሻን ሳይ ነው። ለልጃቸው እኩያ ሲፈልጉ ጊዜዋን ያሳለፉት እኚያ ኩሩ ሰው እኛን መሰሉኝ።

«ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ» የሚለውን ትምህርት (2ኛ ቆሮ. 6፥14) ለወጣቶቻችን አዘውትረን እናስተምራለን፤ ልክም ነው። ነገር ግን ጳውሎስ የተናገረው ስለ እምነት ነው እንጂ ስለ አጥንት አይደለም። ሙሴ ኢትዮጵያዊቷን ስላገባ ማርያምና አሮን ባሙት ጊዜ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነበር? ዘኍልቍ 12ን አንብቡ፤ በለምጽ የተመታችው ሐሜተኛዋ ናት። ሞዓባዊቷ ሩትም በማቴዎስ 1 በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ በስሟ ተጽፋለች። ራሱ ጌታ በአናጢ ቤት አድጎ በሙያው የተናቀ ነው (ማር. 6፥3)።

ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ ቀጥቃጩ ይሠራለታል። የእጁን ሥራ ወስደን ልጁን የምንንቅ ከሆነ፣ በአንድ ጽዋ የምንካፈለው ምንድን ነው? የመለያየት ግድግዳ በመስቀሉ ፈርሷል ብለን እየሰበክን (ኤፌ. 2፥14) በሠርግ ጊዜ መልሰን እንገነባዋለን።

ወላጆችን ማክበር የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ተደብቀው ይጋቡ አልልም። ታግሰው ጠብቀዋል። ከእኛ የሚጠበቀው «ጸልዩበት» ብሎ መሸኘት ሳይሆን ተነስቶ መሄድ ነው። እኔ ሁለት አገልጋዮችን ይዤ ወደ አባቷ ቤት ልሄድ ወስኛለሁ። ምናልባት እንደገና «አይሆንም» ይሉን ይሆናል። ቢያንስ ግን ቤተ ክርስቲያን ከማን ጋር እንደቆመች ልጆቹ ያውቃሉ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ቤት የዚህ ዓይነት ታሪክ የለም? ዝም ካላችሁ፣ እንደ እኔ ንስሐ ግቡ። ጌታ ሚዛናችንን ያስተካክል። አሜን።