ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በአራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪዎች ዘንድ አንድ አስተሳሰብ ሥር እየሰደደ መጥቷል። ይኸውም «የቅንጣት ፊዚክስ የብርቱ ጨረር ጉዳይ ነው፤ ጨረር የሌለው አገር ተመልካች ብቻ ነው» የሚል ነው። እኛ ይህን አንቀበለውም።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመስክር። ካኦን የተባለው ቅንጣት ወደ አንድ ፓዮንና ወደ ሁለት ኒውትሪኖዎች የሚፈርሰው፣ በስሌቱ መሠረት፣ ከ100 ቢሊዮን ጊዜ ከ9 ላነሰ ጊዜ ነው። ቆጠራው ከስሌቱ ቢለይ እስከ ዛሬ ያልታወቀ የተፈጥሮ ሕግ ሊኖር ይችላል። ይህን ብርቅ ነገር ለማየት ብዙ ካኦን፣ ብዙ ካኦን ለማግኘትም ብርቱ ጨረር ያስፈልጋል። የሰርን ኤንኤ62 ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የጨረሩን ብርታት በ30 በመቶ ከፍ ያደረገው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ጨረሩ ሲበረታ አስመሳዩም ይበዛል። በአጋጣሚ በአንድ ቅጽበት የተገናኙ ሁለት ቅንጣቶች እንደ አንድ ክስተት ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ጨረሩ 2 እጥፍ ሲሆን እንዲህ ያለው መገጣጠም 4 እጥፍ ይሆናል። አስመሳይ በሌለበት 10 እጥፍ ጨረር 10 እጥፍ የማየት ኃይል ይሰጣል፤ አስመሳዩ ከተፈላጊው ጋር እኩል ባደገበት ግን ትርፉ ከ3 እጥፍ ብዙም አያልፍም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ግኝቱን ሲያስታውቅ፣ ከቆጠራቸው 51 ክስተቶች 18 ያህሉ አስመሳይ እንደሚሆኑ አስልቶ ነበር።

የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ይህን ያውቃል። የሚቀርብለት ቢጫ ነገር መብዛቱ ወርቁን አያበዛለትም፤ በድንጋይ ይፈትናል፣ በሚዛን ይመዝናል። ጨረሩ የሀብታም አገሮች ነው፤ መፈተኛው ድንጋይ ግን የስታትስቲክስና የኮምፒዩተር ዕውቀት ስለሆነ ከእጃችን የራቀ አይደለም። ሰርን ከትልቁ የሃድሮን ማጋጫ የተገኙ መረጃዎችን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። የአፍሪካ የመሠረታዊ ፊዚክስ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ ከአገር አገር እየተዘዋወረ ወጣቶችን አሠልጥኗል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ማሽን አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮምፒዩተር ክፍሉ ይከፈትልን፤ እውነተኛ መረጃ በእጃችን ይግባ፤ ስሕተታችንም ይታረም። እናንተም ወንድሞችና እኅቶች፣ «መሣሪያ የለንም» ማለት የስንፍና መሸሸጊያ አይሁን። ብርቱ ጨረር አንድ ቀን ወደ አገራችን ቢመጣ፣ እውነቱን ከአስመሳዩ መለየት የሚችል ተማሪ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።