በሁለት ቁና መሰፈር



መድረሳ የምናስተምር ሰዎች ከሱረቱል ሙጠፊፊን ጋር ብዙ እንኖራለን። ጁዝ ዐማን የሚሐፍዝ ልጅ ሁሉ እሷን ሳይዝ አያልፍም። ሲቀበሉ ሞልቶ እንዲሰፈርላቸው የሚፈልጉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉ ሰዎችን የምትገሥጽ ሱራ ናት። ትርጉሟን ስንነግራቸው ልጆቹ ትዝ የሚላቸው የሰፈራቸው እህል ነጋዴ ነውና ይሳሳቃሉ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ግን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቤተሰቦቿ ስለ አክሱም ሲያወሩ ስትሰማ የሰነበተች ደረሳ፣ «ኡስታዝ፣ ሂጃብሽን ካላወለቅሽ አትፈተኚም የሚሉትስ ሙጠፊፊን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አዎ ብለን አለፍን። መልሱ ግን ከዚያ ይረዝም ነበር፤ ይህን የምንጽፈውም እሱን ለመጨረስ ነው።

የዘነጋ ካለ እናስታውሰው። በአክሱም ከተማ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ አገዱ። ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ልጆቹ እንዲገቡ ጻፈ፤ ፍርድ ቤትም እገዳው እንዲቆም አዘዘ። ጥር 13 ቀን መቀሌ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ ድምፁን አሰማ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የትግራይ ሙስሊም 4 ከመቶ ገደማ ነው። የዚያን ቀን ሰልፍ ያየ ሰው ጥቂት መሆን ዝም ማለት አለመሆኑን ተረድቷል።

ዛሬ ግን ርእሳችን የርእሰ መምህራኑ ውሳኔ አይደለም፤ እሱን ሕግ ይየው። ርእሳችን ከዚያ በኋላ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በሻይ ቤት ሲካሄድ የነበረው ክርክር ነው። እገዳውን የደገፉት ሁለት ምክንያት ያነሡ ነበር። አንዱ፣ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ ስለዚህ የሃይማኖት ምልክት ከበር ውጭ ይቅር የሚል ነው። ሌላው፣ አክሱም ቅድስት ከተማ ናትና ክብሯን ጠብቁ የሚል ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢመጣ ቁጭ ብለን በተወያየንበት ነበር። የገረመን ሁለቱ ከአንድ አፍ መውጣታቸው ነው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስትሆን አገሩ ሃይማኖት የለውም፤ ከግቢው ወጥታ መንገድ ላይ ስትቆም ደግሞ ከተማው የአንድ ሃይማኖት ነው። ታዲያ ይህች ልጅ የት ትቁም? ባንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሕገ መንግሥቱም በዚሁ መልክ ሲጠቀስ ሰማን። አንቀጽ 11 እና አንቀጽ 90 ቶሎ ቶሎ ይነሣሉ፤ አንቀጽ 27 ላይ ሲደረስ ገጹ ይገለበጣል። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ጨርሶ አይገደብም አይልም፤ ይህን እኛም እናውቃለን። የሚገደበው ግን በሕግ ነው ይላል። በአንድ ዳይሬክተር የማስታወቂያ ሰሌዳ አይልም። ደግሞም ነገ አንዲት ክርስቲያን ተማሪ ማተብሽን በጥሰሽ ግቢ ብትባል፣ ዛሬ ስለ መንግሥትና ሃይማኖት መለያየት የሚያስተምሩን ሰዎች ዝም ይሉ ነበር? አይሉም፤ ማለትም የለባቸውም። እኛም አብረናቸው እንጮኽ ነበር። የአክሱም እናቶች በነጠላ ተከናንበው ሲሄዱ ይህ ፖለቲካ ነው፣ ከኋላው የውጭ እጅ አለ ያለ ሰው አልሰማንም። ተመሳሳይ ጨርቅ በሌላ ልጅ ራስ ላይ ሲሆን ነው ዓላማው የሚመረመረው።

(በየበዓሉ መድረክ ላይ ደግሞ ነጃሺ ይወደሳል። ሶሐቦችን የተቀበለች አገር፣ የመቻቻል ምሳሌ ይባላል። ንግግሩ እውነት ነው፤ ግን ያ እንግድነት የተሰጠው በዚያው በአክሱም መንግሥት መሆኑን ተናጋሪዎቹ የሚረሱት ይመስለናል።)

ቁናው አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ስለ ስም ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። እንግዳ ይመስል «የሚኖሩ» መባል ምን እንደሚያም የሚያውቀው የተባለ ነው። በዚያ ሰልፍ ብዙ ክርስቲያን ወንድሞች አብረው መውጣታቸውን የነበሩበት ሽማግሌዎች ዛሬም በደስታ ያነሡታል። በ2004 ዓ.ም. እኛ መጅሊሳችንን እኛው እንምረጥ፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በቦርድ ይተዳደር ስንል፣ ጥያቄው የአስተዳደር ጥያቄ ነበር። የተሰጠው ስም ግን አክራሪነት ሆነ። ኮሚቴዎቻችን በፍርድ ሂደት ላይ እያሉ፣ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም በአገሪቱ ቴሌቪዥን ቀረበ። ያን ምሽት ቡና አብረን የምንጠጣ ጎረቤቶች በማግስቱ በር ላይ ሲያገኙን ዓይናቸውን ሰበሩ። ከእስሩ ይልቅ ይህ የቆየብን ብዙ ነን።

ባለፈው ዓመት በወረዳችን የሰላም ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ካህናትም፣ ፓስተሮችም፣ እኛም ተቀምጠናል። ስብሰባውን የሚመሩት ሰው ስለ ፍቅርና አንድነት ጥሩ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «እናንተ ደግሞ ወጣቶቻችሁን ምከሩ፣ አሸባሪነትን በግልጽ አውግዙ» አሉ። ለሌሎቹ እንዲህ ያለ አደራ አልተሰጣቸውም። አንድ ሐጂ ተነሥተው፣ «ጌታዬ፣ እናወግዛለን፤ ሚያዝያ 2007 ወንድሞቻችን ሊቢያ ላይ ሲታረዱም አልቅሰናል። ግን ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ እነዚህን አባት አውግዙ ብዬ ደጃቸው አልቆምኩም። እሳቸው አላቃጠሉማ!» አሉ፤ አጠገባቸው የነበሩትን ቄስ በእጃቸው እያሳዩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢው ግን ወደ ሌላ አጀንዳ እንለፍ አሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን ሱራዋን ለልጅ የሚያስተምር ሰው በራሱ ቤት ያለውን ቁናም ማየት አለበት። በ2003 ዓ.ም. ጅማ ዞን አሰንዳቦና አካባቢው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ሲቃጠሉ፣ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ብዙዎቻችን ያልነው ምን ነበር? ጥቂቶች ናቸው፣ እኛን አይወክሉም አልን። ልክ ነበርን። ስለ ተፈናቀሉት ግን በዚያው መጠን ተናገርን? የጁሙዓ ኹጥባ ላይ ስንት ቦታ ተነሣ? ለሞጣ ያሰማነውን ያህል ለአሰንዳቦ አላሰማንም። ሱረቱል ማኢዳህን የቀራ ሰው ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያርቀን መታዘዛችንን ያውቃል፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ የሚጠሉም አይደሉ።

ይህን ስንል ሁለቱ ጥፋት እኩል ሥልጣን አለው ማለታችን አይደለም። በእኛ ላይ የሚሰፍረው ሚዲያና ቢሮ ይዞ ነው፤ እኛ የምንሰፍረው በዝምታ ነው። ቢሆንም የጎደለው ጎድሏል።

መድረሳችን ባለችበት ቀበሌ ክርስቲያኖች ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የቀብር ቦታ የላቸውም፤ ሰው ሲሞትባቸው ሬሳ ጭነው ሩቅ ይሄዳሉ። ማመልከቻቸው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቷል። እኒያው ሐጂ ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ ሰበሰቡንና፣ የመስጂዳችንን የይዞታ ማረጋገጫ ለመጠየቅ ስንሄድ የእነሱንም ጥያቄ አብረን እናቅርብ አሉ። ከመካከላችን የተቃወሙ አሉ። «መጀመሪያ የእኛ ይለቅ» ያለ አለ፤ «አክሱም ላይ ለእኛ መስጂድ ማን ጠየቀልን?» ያለም አለ። ሐጂም «አክሱም ላይ የተበደለ ሰው ነው እዚህ መበደል የሌለበት» ብለው ኩታቸውን አስተካክለው ወጡ። እኛ እስከ ዒሻ ተከራከርን፤ ሰባት ሰው ፈረመ፣ አራቱ ገና ነው።

ወረቀቱ መድረሳው ውስጥ በመደርደሪያው ላይ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ለዚያች ደረሳ የቀረውን መልስ እንነግራታለን፤ ወረቀቱንም እናሳያታለን።