ስለ ጥርስ ማደንዘዣ ሲሪንጅ ለአስመጪዎችና ለነጋዴዎች የቀረበ ሐሳብ

የነጋዴ ሥራ ዕቃን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከተጠቃሚው እጅ ሲደርስ ለታሰበለት ጉዳይ እንዲውል ማድረግም ጭምር ነው። ይህ ደንብ ከሁሉ ይልቅ በሕክምና መሣሪያ ላይ ይጸናል። ከእነዚህም አንዱ፣ መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ቸል የሚባለው፣ የጥርስ ሐኪም ጥርስ ከመንቀሉ በፊት ድድን የሚያደነዝዝበት ሲሪንጅ ነው።

ይህ መሣሪያ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ከማይዝግ ብረት የተሠራው እጀታ ነው። ሁለተኛው ለአንድ በሽተኛ ካገለገለ በኋላ የሚጣለው መርፌ ነው። ሦስተኛው መድኃኒቱን የያዘው ትንሽ የመስተዋት ቀሰም ሲሆን፣ በሐኪሞች አጠራር ካርትሪጅ ይባላል። ይህን ዐይነት ሲሪንጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. ያስገኘው ሐርቪ ኩክ የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው፤ ሐሳቡንም የወሰደው ከጠመንጃ ጥይት አጐራረስ እንደሆነ ይነገራል። ሊዶካይን የተባለውም ማደንዘዣ በ1943 በስዊድን አገር በኒልስ ሎፍግሬን ተገኝቶ በ1948 ለገበያ ቀረበ። የዓለም የጤና ድርጅት ሊዶካይንና አድሬናሊን የያዘውን የጥርስ ካርትሪጅ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ ይህ ዕቃ የቅንጦት ዕቃ ነው ሊባል አይችልም።

ችግሩ የሚነሣው ከአገዛዙ ነው። ሦስቱ ክፍሎች ከልዩ ልዩ ፋብሪካ በየፊናቸው ሲገዙ እርስ በርሳቸው ላይገጥሙ ይችላሉ። ቡሎንና ዳዶ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በኢንች የተቈረጠ ጥርስ በሚሊሜትር ከተቈረጠው ጋር አይስማማም። የሲሪንጁም መርፌ እንዲሁ ነው፤ ማሰሪያው በአንዱ ፋብሪካ በኢንች፣ በሌላው በሚሊሜትር ይቈረጣል። ካርትሪጁም በአንዳንድ አገር 1.8፣ በሌላው 2.2 ሚሊሊትር ይይዛል፤ ለአጭሩ የተሠራ እጀታም ረጅሙን አይቀበልም።

በአዲስ አበባ የሚሠራ ሐኪም መርፌው አልገጥም ቢለው በዚያው ቀን ወደ ሌላ መደብር ልኮ ይለውጣል። ከአላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሾኔ ከተማ ግን ነገሩ እንዲህ የቀለለ አይደለም። ዕቃውን መልሶ ለማስለወጥ መኪናና መልእክተኛ መጠበቅ ያስፈልጋል። እስከዚያው በሽተኛው ወይ ሕመሙን ችሎ ይነቀላል፣ ወይ ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በነጋዴው መዝገብ ጥቂት ብር ሆኖ የሚታየው ስሕተት ለበሽተኛው የሌሊት ሥቃይ ነው።

ተራው የፕላስቲክ ሲሪንጅ ይበቃል የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ከጠርሙስ በተቀዳ መድኃኒትም ድድ ይደነዝዛል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ነገር ግን ካርትሪጅ ለአንድ በሽተኛ ብቻ የሚያገለግልና ትራፊው የሚጣል በመሆኑ፣ ከአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሰው በመቅዳት ሊመጣ የሚችለውን ብክለት ያስቀራል። በርካሽነቱ ምክንያት ይህ ጥቅም ሊዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አስመጪው እጀታውን፣ መርፌውንና ካርትሪጁን አንድ ላይ ይዘዝ፤ በማዘዣውም ላይ የማሰሪያውን ጥርስ ዐይነትና የካርትሪጁን መጠን ለይቶ ይጻፍ። እጀታው ከዘንጉ ጫፍ ላይ መንጠቆ ያለው ይሁን፤ ሐኪሙ በዚህ መንጠቆ የካርትሪጁን ላስቲክ ወደ ኋላ ስቦ መርፌው ከደም ሥር መግባት አለመግባቱን ያረጋግጣልና። መርፌውም ለታችኛው መንጋጋ ረጅሙ፣ ለላይኛው አጭሩ ተመጥኖ ይምጣ።

የመድኃኒቱም አያያዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አድሬናሊን በሙቀትና በብርሃን ስለሚበላሽ፣ ካርትሪጁ በጠቅላላው ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ከብርሃን ተጠብቆ እንዲቀመጥ ይታዘዛል። በሰኔና በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ አስመጪዎቻችን ያውቃሉ። እንግዲያስ ጭነቱ ከወደብ በፍጥነት እንዲነሣ አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 ይህን ንግድ የሚገዛ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሌለው ባለሱቅ ካርትሪጁን ከሳሙናና ከስኳር ጐን ሊደረድረው አይገባም።

የሆሳዕና፣ የዱራሜና የሾኔ ክሊኒኮችም ፍላጎታቸውን አስተባብረው በአንድ ማዘዣ ቢያቀርቡ ይጠቀማሉ። አንድ ትንሽ ክሊኒክ ብቻውን ብዙ ካርቶን ቢገዛ፣ ሳይጨርሰው የአገልግሎቱ ዘመን ሊያልፍበት ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው፣ የየከተማው ነጋዴዎች ይህን ዝርዝር ሰብስበው ለአስመጪው ቢያደርሱ ለሁሉም ወገን ይበጃል።

በመጨረሻም ትርፉ ይታሰብ። በእንፋሎት እየተቀቀለ የሚነጻ መልካም እጀታ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ መርፌውና ካርትሪጁ ግን ዘወትር ይፈለጋሉ። የሚገጥመውን ዕቃ ያመጣ ነጋዴ ደንበኛውን ለዓመታት ይዞ ይኖራል። ላኪዎቻችን ቡናና ዝንጅብል ሸጠው ያስገቡት የውጭ ምንዛሪ፣ በተለይም የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በማይገጥም መርፌ ሊባክን አይገባም።